የ8 ጫማ ፑል ጠረጴዛና የ11 ስቲክ እድሳት፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ

ጥር 14፣ ደሴ። መፍታት

ጠረጴዛው ባለ 8 ጫማ ነው፤ መጫወቻው ከላስቲክ (በጠርዙ ላይ ኳስ የሚመልሰው ጎማ) አፍ እስከ ላስቲክ አፍ 224 በ112 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ፒያሳ አካባቢ ከተዘጋ ፑል ቤት የወጣ ነው። አብረውት 11 ስቲክ (የኳስ መምቻ ዘንግ)፣ 16 ኳስ፣ ማዕዘኑ የለቀቀ ትሪያንግልና ሽቦ ላይ የተሰኩ የነጥብ መቁጠሪያ ዶቃዎች መጥተዋል። ዶቃዎቹ የዚህ ጠረጴዛ አይደሉም፤ ቤቱ ከረንቡላ ቤት ከነበረበት ዘመን የቀሩ ናቸው። ፑል ነጥብ በዶቃ አያስቆጥርም፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ አለቀ።

ሻጩ የነገረን ችግር "ጨርቁ አልቋል" የሚል ነው። አልቋል፣ እውነት ነው። ግን መሐል ላይ የተቀመጠ ነጭ ኳስ ማንም ሳይነካው ወደ በሩ ከሄደ ጥፋቱ የጨርቅ አይደለም። ፑል ቤት ውስጥ የሚታየው ጨርቅ ስለሆነ የሚቀየረውም እሱ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ገልጦ የሚያይ የለም። የኛ ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ነው፦ ወለል፣ እግር፣ ሳጥን (ድንጋዩን የሚሸከመው አካል)፣ ድንጋይ (ከጨርቁ ሥር ያለው ስሌት የሚባል ንጣፍ)፣ ላስቲክ፣ በመጨረሻ ጨርቅ። ስቲኮቹ ለብቻቸው ይሠራሉ።

ጠርዞቹ 6 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በ3 ብሎን ከድንጋዩ ሥር ተይዘዋል፣ በጠቅላላው 18 ብሎን። ብሎኖቹ በኢንች የተሠሩ ናቸው። የ14 ቁልፍ አይገባም፣ የ15 ቁልፍ ደግሞ ይንሸራተትና ጭንቅላቱን ይበላል። በ15 ስንታገል ሁለቱን አበላሸናቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ከጋራዥ 9/16 ቁልፍ የተዋስነው። ጠረጴዛ ልፈታ የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ቁልፍ ይያዝ።

የድንጋዩ ቪቶች በስቱኮ ተሸፍነዋል፤ የት እንዳሉ አይታይም። ድንጋዩን በመሮ ከመቆርቆር የድምፅ ማጉያ ማግኔት በላዩ ላይ ማንሸራተት ይሻላል፤ የያዘበት ቦታ ቪት አለ። አንዱ ቪት ጭንቅላቱ ተበልቶ ስለነበር በትራፓኖ 8 ሚሊ መብሻ ጭንቅላቱን አንስተን ድንጋዩ ከወጣ በኋላ ቀሪውን በፒንሳ አዞርነው።

ድንጋዩ በሦስት ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ 127 በ80 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ፣ ክብደቱ 55 ኪሎ ገደማ። ከመነሳቱ በፊት 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ቁጥርና የበሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት በእርሳስ ተጽፎበታል። ይህ ካልተደረገ መልሶ መግጠም ዕዳ ነው፤ የቁራጮቹ ጎን ፋብሪካ ላይ አንዱ ለሌላው ተብሎ የተሞረደ ነው።

ድንጋዩ ሲነሳ ሳጥኑ ላይ ያገኘነው፦ ተጨፍልቆ የተሳሳ የቢራ ቆርኪ 7፣ የታጠፈ የሲጋራ ካርቶን፣ አንድ 25 ሳንቲምና የጠመኔ ጉርድ። ቆርኪው፣ ካርቶኑና ሳንቲሙ ሁሉ በተለያየ ጊዜ ጠረጴዛውን ለማስተካከል የተሰገሰጉ ናቸው። ካርቶን በክብደት ይጨፈለቃል፣ ቆርኪ ዝጎ ይሳሳል። በየዓመቱ አዲስ እየተጨመረ አሮጌው አልወጣም።

ጥር 16። ጉዞ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ድንጋይ ሲጫን ተኝቶ አይሄድም። በጠርዙ ቁሞ፣ ከሥሩ የፍራሽ ስፖንጅ ተደርጎ፣ በገመድ ከአይሱዙው ስፖንዳ ጋር መታሰር አለበት። ተኝቶ ከሄደ መኪናው በዘለለ ቁጥር መሐሉ ይረግባል፤ ስሌት ንብርብር ድንጋይ ነው፣ መርገብ አይችልም።

መኪናው ላይ ምንም አልሆነም። የተጎዳው ሲወርድ ነው፤ 3ኛው ቁራጭ መሬት ሲነካ በአንድ ማዕዘኑ ብቻ ጠጠር ላይ አረፈና ከቪት ቀዳዳው አጠገብ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ስንጣሪ ለቀቀ። በሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ተለጥፎ፣ የጎደለው በመኪና ቦዲ ስቱኮ ተሞልቶ፣ በ120 ብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሏል። ጠርዝ ሥር ስለሚሸፈን ጨዋታ ላይ አይሰማም።

ወጪ፦ አይሱዙ 4,500 ብር፣ አራት ጉልበት ሠራተኛ 2,400 ብር።

ጥር 20–28። ወለልና እግር

ክፍሉ 4.2 በ6 ሜትር ነው። ለ8 ጫማ ጠረጴዛ 147 ሴንቲ ስቲክ ይዞ በነፃነት ለመምታት በጎኑ 4.4 ሜትር ቢኖር ይመረጣል። እዚህ 20 ሴንቲ ይጎድላል፤ ለዚህ አጭር ስቲክ ያስፈልጋል፣ ወደ በኋላ ይመጣል።

ወለሉ የስሚንቶ ልስን ነው። የእጥበት ውሃ እንዲወጣ ሆን ተብሎ ወደ በሩ አዘቅዝቋል፤ በግልፅ ቱቦ ውሃ ሲለካ በጠረጴዛው ርዝመት 14 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በብዙ ፑል ቤት ያለው ይኸው ነው፤ ወለል ለመጥረጊያ ተብሎ ይሠራል፣ ጠረጴዛ ደግሞ ይቀመጥበታል።

መጀመሪያ የሞከርነው የእንጨት ሽብልቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሲለካ 2 ሚሊ ወርዷል፤ የተጠቀምንበት ባህር ዛፍ እርጥብ ነበር። ቀጥሎ ያደረግነው የሚስተካከል እግር ነው። በየእግሩ ሥር 8 ሚሊ ላሜራ፣ ላሜራው ላይ የተበየደ ዳዶ፣ በዳዶው ውስጥ ጭንቅላቱ ወደ መሬት የሆነ ባለ 16 ሚሊ ብሎን። የዚህ ብሎን ጥርስ 2 ሚሊ ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር 2 ሚሊ ያነሳል፣ ሩብ ዙር ግማሽ ሚሊ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አያስፈልግም።

እዚህም ተሳስተናል። ጠረጴዛው ተገጣጥሞ 300 ኪሎ ግድም ይሆናል፤ በእያንዳንዱ እግር 75 ኪሎ። የብሎኑ ጭንቅላት ስፋት 5 ካሬ ሴንቲ ብቻ ነው፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ 15 ኪሎ ማለት ነው። ሰው ሲደገፍበት ደግሞ ይጨምራል። አሸዋ የበዛበት ልስን ይህን አልቻለም፤ የበሩ ጎን ቀኙ ብሎን ልስኑን ሰብሮ ገባ። ከየብሎኑ ሥር 10 በ10 ሴንቲ የሆነ 6 ሚሊ ላሜራ ሲደረግ ጫናው በካሬ ሴንቲ ከአንድ ኪሎ በታች ወረደ። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም።

የመጫወቻው ገጽ ከፍታ ከወለል 77 ሴንቲ ወጥቷል። ደንቡ ከ74.3 እስከ 78.7 ነው።

ወጪ፦ ብሎንና ዳዶ 900 ብር፣ ቁርጥራጭ ላሜራ 800 ብር፣ ብየዳ 1,200 ብር። ብየዳው መብራት ሲጠፋ ሁለት ቀን ቆሟል።

የካቲት 1–6። ድንጋይና ሰም

የግንበኛ ውሃ ልክ ለዚህ ሥራ አይበቃም። አረፋው መሐል ላይ እያለ በሜትር እስከ አንድ ሚሊ ሊሳሳት ይችላል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ኳስ ደግሞ ከዚያ በታች ያለውን ይሰማል። የስልክ አፕሊኬሽንማ አይወራም። ከቶርኖ ቤት በሜትር 0.02 ሚሊ የሚያነብ ውሃ ልክ ለሦስት ቀን ተከራየን፤ 600 ብር። የውድድር ጠረጴዛ መስፈርት በርዝመት ግማሽ ሚሊ፣ በወርድ ሩብ ሚሊ ያህል ልዩነት ይፈቅዳል። ለፑል ቤት ይህን ማግኘት ይቻላል፣ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

መጀመሪያ የመሐሉ ቁራጭ ይስተካከላል፣ ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ወደ እሱ ይመጣሉ። ከዳር ከተጀመረ ስህተቱ እየተጠራቀመ መጨረሻው ቁራጭ ላይ ይወድቃል። በድንጋዩና በሳጥኑ መካከል የሚገባው ሽብልቅ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ነው፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ገደማ ነው፣ አይዝግም፣ አይጨፈለቅም። ወረቀትም 0.1 ነው፤ ግን እርጥበት ይጠጣል። ሽብልቁ ከቪቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ ራቅ ካለ ቪቱ ሲጠብቅ ድንጋዩ ይጎብጣል።

ቁራጮቹ እኩል ሲሆኑ በመጋጠሚያው መስመር በየ15 ሴንቲ የሱፐር ግሉ ጠብታ እንዲሰርግ ተደረገ። ከዚያ ክፍተቱ በሰም ይሞላል።

ሰም ላይ ሁለት ቀን አጥፍተናል። መጀመሪያ ያቀለጥነው ከሱቅ የተገዛ ሻማ ነው። ሻማ ፓራፊን ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይሸመቅቃል፣ ድንጋዩን አይዝም። በጠዋት ስንመጣ በጥፍር ሲነካ እንደ ቅርፊት ይነሳል፤ ኳስ ሲያልፍበት ጠቅ ይላል። ሁለተኛው ሙከራ ከገበያ የተገዛ "የማር ሰም" ነበር፤ እሱም ሞራ የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ፣ በጣት ሲታሽ ይቀባል። ሦስተኛው ለጧፍ ከሚያዘጋጁ ሰዎች የተገኘ ንጹሕ ሰም ነው። ንጹሑ ሲሰበር ስብራቱ ሻካራ ነው፣ በጣት ሲታሽ ይለሰልሳል እንጂ አይቀባም፣ ሽታውም የማር ነው። በ62–64 ዲግሪ ስለሚቀልጥ የኮምቦልቻ ቀትር አያሰጋውም።

ድንጋዩ ቀዝቃዛ ከሆነ ንጹሕ ሰም እንኳን አይዝም። መስመሩ በከሰል ካውያ ለብ እስኪል ተሞቀ፣ ሰሙ ፈሰሰ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ገና ሳይደርቅ በሰፊ የስቱኮ መላጫ ተገፈፈ። ለሁለቱ መስመርና ለቪት ቀዳዳዎቹ 150 ግራም በቅቷል። የተረፈውን አንጥለውም፣ በኋላ ስቲክ ለሚሠራበት የወይራ እንጨት ይሆናል።

የካቲት 8–21። ላስቲክ

አሮጌው ላስቲክ ጥፍር አያስገባም፤ ደርቋል። በጣት ሲንኳኳ ሁለት ድምፅ አለ። ጥርት ያለ ከሆነ ላስቲኩ ከእንጨቱ ጋር ነው፤ የታፈነ ከሆነ ወይ ማስቲሹ ለቋል ወይ ብሎኑ ላልቷል። ከ6ቱ ጠርዝ 4ቱ የታፈኑ ነበሩ።

ለማወዳደር ከ5 ሴንቲ ከፍታ የምትለቅ የእንጨት መንሸራተቻ ሠርተን፣ አሮጌውን ጨርቅ ድንጋዩ ላይ ዘርግተን ኳሱ ላስቲኩን ነክቶ ስንት እንደሚመለስ ለካን። አሮጌው ላስቲክ 64 ሴንቲ መለሰ።

ርካሹ መላ ሰው ሁሉ የሚመክረው ከመነዳሪ ነው፤ የመኪና ከመነዳሪ በስስ ተቆርጦ፣ ተደራርቦ ተለጥፎ። ሞከርነው። 45 ሴንቲ፤ ከደረቀው ይብሳል። ከመነዳሪ የሚሠራው አየር እንዲይዝ ተብሎ ከቡቲል ጎማ ነው፤ ቡቲል ምቱን ይውጣል እንጂ አይመልስም። የሚመልሰው የተፈጥሮ ጎማ ነው። አንድ ቀንና 300 ብር ማስቲሽ ለዚህ ሄደ።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ኬ-66 የሚባለው የላስቲክ ቅርፅ ታዘዘ፤ 6 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 122 ሴንቲ፣ 14,000 ብር፣ በአውቶቡስ መጣ። የአለጣጠፉ ነገር፦ አሮጌው ማስቲሽ በመሮ ተፍቆ እንጨቱ እስኪታይ ድረስ በ80 ብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፤ ሁለቱም ወገን ማስቲሽ ይቀባል፣ በጣት ሲነካ እስከማይዝ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይገጠማል። ላስቲኩ ሲገጠም እንዳይሳብ። አንደኛውን ጠርዝ ቀጥ እንዲል ብለን ትንሽ ሳብነው፤ በሦስተኛው ቀን ተሰብስቦ ቀዳዳው ጋ 6 ሚሊ ክፍተት ተወ። ነቅለን ደገምነው።

ከፍታው ከሁሉ ይበልጣል። የላስቲኩ አፍ ከድንጋዩ ያለው ከፍታ የኳሱ ስፋት 63.5 በመቶ፣ ሲያልፍ አንድ ከመቶ ወደላይ ወይም ወደታች ነው። የፑል ኳስ 57.15 ሚሊ ስለሆነ 36.3 ሚሊ ይመጣል። አሮጌው 34.5 ነበር፤ ጠንከር ተብሎ የተመታ ኳስ ከጠረጴዛ የሚዘለው በዚህ ነው። ከፍ ካለ ደግሞ ላስቲኩ ኳሱን ከላይ ይጫነውና ጨርቅ ይበላል። በ36.3 የተቆረጠ የኮምፔንሳቶ ልክ ሠርተን ላስቲኩ ሁሉ በእሱ ተለጠፈ። አዲሱ በመንሸራተቻው 150 ሴንቲ መለሰ።

የካቲት 23–መጋቢት 18። ስቲኮች

11 ስቲክ፦ 8 አንድ ወጥ፣ 3 በመሐል የሚፈቱ። የሁሉም ጫፍ ቆዳ አልቋል። ከ5ቱ ነጩ ቀለበት ተሰንጥቋል ወይም የለም። ከሚፈቱት ሁለቱ የኋላ ግንዳቸው ከመጋጠሚያው ተሰንጥቋል።

ቀጥተኛነት። ፑል ቤት ውስጥ ሁሉም ስቲክ የሚመርጠው ጠረጴዛ ላይ አንከባሎ ነው፤ ልማዱ ጥሩ ነው፣ ግን ጠረጴዛው ራሱ ሲጎብጥ ስቲኩ ይታማል። እኛ ድንጋዩ ከተስተካከለ በኋላ፣ ጨርቅ ሳይለብስ፣ በስቲኩና በድንጋዩ መካከል የሚያልፈውን ብርሃን አየን። የሚፈታ ስቲክ መጀመሪያ ሁለቱ ክፍል ለየብቻ ይንከባለላል። ሁለቱም ቀጥ ብለው ሲገጠሙ የሚወላገድ ከሆነ የመጋጠሚያው ፊት ነው የተዛባው። ከ8ቱ አንድ ወጥ 4ቱ ቀጥ ያሉ፣ 4ቱ ደግሞ 3፣ 4፣ 7 እና 9 ሚሊ የጎበጡ ናቸው።

ለመጉበጥ ዋናው ምክንያት ግድግዳ ላይ አስደግፎ መተው ነው። ደሴ ክረምት ላይ ግድግዳ ውሃ ያቀራል፤ እንጨቱ በአንድ ወገን ይጠጣል፣ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። 4 ሚሊ የጎበጠውን ሁለት ጫፉን አስደግፈን፣ መሐሉ ላይ 5 ኪሎ ሰቅለን፣ ፀሐይ ላይ 5 ቀን አቆየነው። 1 ሚሊ ሆነ። የበልጉ ዝናብ በመጣ ሳምንት ወደ 3 ተመለሰ። የተጎበጠ እንጨት ይታረቃል እንጂ አይረሳም፤ ይህን ለሚሸጥ ስቲክ አንመክርም። የ7 እና የ9 ሚሊዎቹ ጉብጠት ከኋላ በኩል ስለነበር 27 ሴንቲ ተቆርጦላቸው 120 ሴንቲ ሆኑ፤ የጠበበው ጎን ስቲኮች እነሱ ናቸው። ሲቆረጡ ሚዛናቸው ወደ ፊት ስለሄደ ከኋላ 12 ሚሊ ተቦርቡሮ 90 ግራም ብሎን ገባ።

ቀለበት። ከቆዳው ሥር ያለው ነጭ ቀለበት እንጨቱ በምት እንዳይሰነጠቅ የሚያደርግ ነው። መጀመሪያ ከወፍራም የወጥ ቤት ፕላስቲክ መክተፊያ በቶርኖ አወጣን፤ አምሮ ወጣ። በሦስተኛው ምት ቆዳው ተፈናጥሮ ሄደ። መክተፊያ ፖሊኢቲሊን ነው፤ የተለመደ ማጣበቂያ አይዘውም። ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆም፣ በእሳት ተነክቶም አልያዘም። ቀጥሎ የበሬ ቀንድ። ቀንድ በቶርኖ ጥሩ ይሄዳል፣ ኢፖክሲም ሱፐር ግሉም ይዘዋል፣ የምቱ ድምፅም ጥርት ያለ ነው። ጥንቃቄው ሁለት ነው፦ ከጫፉ ወገን ድፍኑ ይወሰድ፣ ባዶው ወገን ግድግዳው ስስ ነው፤ ቶርኖው ቀስ ይበል፣ ከጋለ ይሸታል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። 5 ቀለበት ለማውጣት 8 አበላሽተናል። ሽታው ከቶርኖ ቤቱ ሁለት ቀን አልወጣም፣ ባለቤቱም አልተደሰቱም።

ቆዳ። የሚገዛው ተጭኖ የተዘጋጀ ቆዳ አንዱ 150 ብር ነበር። ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ስለሆነ የአካባቢ ቆዳ ሳይሞከር አይታለፍም። ለጫማ ፊት የሚሆነው በክሮም የተለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ከ20 መክፈቻ ምት (ጨዋታ ሲጀመር የተደረደሩት ኳሶች የሚበተኑበት ምት) በኋላ እንደ እንጉዳይ ተንሰራፋ። ለሶል የሚሆነው በእፅዋት የተለፋው ደረቅ ቆዳ ይሻላል። በ14 ሚሊ መብሻ ተቆርጦ፣ ሁለት ድርብ በስስ ማስቲሽ ተጣብቆ፣ በሞርሳ ለሁለት ቀን ተጭኖ 5 ሚሊ ሲሆን ጥሩ ያዘ። ከተገዛው ትንሽ ይጠነክራል፤ ለመክፈቻ ምት ይመረጣል፣ ኳስ ለማዞር ግን የተገዛው።

አለጣጠፉ፦ አሮጌው በምላጭ ይነሳል። ቀለበቱ ላይ ያለው ማጣበቂያ ሙሉ በሙሉ ይፋቃል፤ ፊቱ ከስቲኩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለበት። ለዚህ 13 ሚሊ ተቦርቡሮ የተዘጋጀ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ተለጥፏል፤ ስቲኩ በቀዳዳው ሲገባ ፊቱ አይዛባም። የቆዳው ሥር በ120 ይሻክራል። ማጣበቂያው ዝልግልጉ ሱፐር ግሉ ይሁን። ቀጭኑ ወደ ቆዳው ይሰርግና እንደ ድንጋይ ያደርገዋል፤ እንዲህ የሆነ ቆዳ ጠመኔ አይዝም። ሁለቱን በዚህ አጥተናል። ሲደርቅ ስቲኩ በግንባሩ ጠረጴዛ ላይ ይቆምና የተረፈው ጎን በምላጭ ወደታች ይቆረጣል። ጎኑ በምራቅ ረጠብ ተደርጎ በወረቀት ሲታሽ ይጠነክራል። የላዩ ክብነት በ25 ሳንቲም ይለካል፤ ስፋቱ 21 ሚሊ ግድም ስለሆነ ለፑል የሚፈለገውን ቅርፅ ይሰጣል። ድንጋዩ ሥር የተገኘው 25 ሳንቲም ሥራ አገኘ።

ጠመኔ። ፑል ቤቱ ውስጥ የነበረው የትምህርት ቤት ጠመኔ ነው። እሱ ጀሶ ነው፣ ያንሸራትታል። የስቲክ ጠመኔ ስሙ ነው እንጂ ጠመኔ አይደለም፤ ከሲሊካና ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚሠራ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1897 የባለቤትነት መብት የወጣበት ነገር ነው። የሚያዘውም የሚፍቅ ነገር ስላለበት ነው። አንዱ 60 ብር ነበር፤ ለቆዳ ከሚወጣው ገንዘብ አንፃር ርካሽ ነው።

ወይራ። የተሰነጠቁት ሁለት ግንዶች በወይራ ተተኩ። ለፊተኛው ክፍል ወይራ አይሆንም፤ ክሩ የተጠማዘዘ ነው፣ ቀጭን ሲሆን ይዞራል። ለኋላው ግን ክብደቱ ራሱ ጥቅም ነው። 74 ሴንቲ፣ ከፊት 21፣ ከኋላ 31 ሚሊ ተደርጎ በቶርኖ ሲወጣ ሙሉው ስቲክ አንዱ 535፣ ሌላው 548 ግራም መዘነ። የተለመደው ከ510 እስከ 595 ስለሆነ ብሎን መክተት አላስፈለገም። በአትክልት ሚዛን እንዳይመዘን፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ይሻላል።

ስህተቱ እንጨቱ ነው። ሻጩ "ሁለት ዓመት የቆየ" ያለውን አመንን፣ ጫፉን ቆርጠን አላየንም። ከሁለቱ አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ከኋላ 4 ሴንቲ ተሰነጠቀ። የኮምቦልቻ ሙቀት ከጫፍ በኩል ቶሎ ያደርቀዋል፤ መሐሉ ሳይደርስ ጫፉ ይሸበሸባል። ቀሪው ወይራ ጫፍ ጫፉ በተረፈው ሰም ተቀብቶ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። ለያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ውፍረት አንድ ዓመት ይባላል።

ቫርኒሽ። አሮጌዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቫርኒሽ ተቀብተዋል፤ እጅ ላብ ሲነካው ይይዛል። ያኔ ተጫዋቹ እጁን በጠመኔ ብናኝ ያሻል፣ ብናኙም ጨርቅ ላይ ይቀራል። ከፊት 75 ሴንቲ ድረስ ቫርኒሹ ተነስቶ በ400፣ በ600፣ ከዚያ በተራ ወረቀት ታሸ። ምንም አልተቀባም።

መጋቢት 20–23። ጨርቅ

ሁለት ናሙና ነበር። ከደሴ ጨርቅ ተራ በሜትር የተገዛው "ሱፍ" ክሩ በእሳት ሲነካ ቀልጦ ጥቁር እንክብል ሠራ፤ ፖሊስተር ነው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። ፖሊስተር ኳሱ ሲንሸራተት ይጋላል፣ መክፈቻ ቦታው ላይ ነጭ ነጭ ይተዋል። ሁለተኛው ሱፍና ናይለን የተቀላቀለበት ነው፤ 157 ሴንቲ ወርድ፣ 3.7 ሜትር፣ 22,000 ብር። ከዚህ 2.65 ሜትሩ ለሜዳው፣ ቀሪው ለ6ቱ ጠርዝ 15 ሴንቲ ስፋት ያላቸው ቁራጮች ወጡ።

ድንጋዩ በቫኪዩም ሁለት ጊዜ ተጠርጓል፤ አንዲት አሸዋ ከቀረች በአንድ ወር ጨርቁን ከሥር ትበሳለች። አወጣጠሩ፦ መጀመሪያ አንዱ አጭር ጎን ይያዛል፣ ከዚያ ተቃራኒው በሁለት ሰው ከመሐል ወደ ዳር ይሳባል፣ ከዚያ ረጅሞቹ ጎኖች። ከዳር ከተጀመረ መሐሉ ላይ የሚቀረው ሽብሽብ አይወጣም። የድንጋዩ ጀርባ ችፑድ ስለሆነና ድሮ ውሃ ጠጥቶ ስላበጠ ስቴፕሉ አልያዘም፤ ከ40ው 11 ተነቀለ። ጎኑን በማስቲሽ ቀባነው፣ ስቴፕሉ ለረዳትነት ብቻ ቀረ።

በልጉ እየዘነበ ነው። ሱፍ ሲረጥብ ይላላል፣ ሲደርቅ ይከራል፤ ስለዚህ ሁለት ደረቅ ቀን ጠብቀን ነው የወጠርነው። ኳሶቹ የሚደረደሩበት ምልክት ነጥብ ከአጭሩ ጎን 56 ሴንቲ ላይ ተደረገ።

መጋቢት 24። ኳስና መብራት

ነጩ ኳስ በካሊፐር 55.9 ሚሊ፣ በሚዛን 151 ግራም ሆነ። ሌሎቹ 57 ግድም ናቸው። ነጩ ሁልጊዜ ስለሚመታ እሱ ብቻ ያልቃል። የሚፈቀደው ክብደት ከ156 እስከ 170 ግራም ስለሆነ ተቀየረ። ቀሪዎቹ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ በረኪና የኳሱን ጥራት ያደበዝዛል። መብራቱ ሁለት የኤልኢዲ ቱቦ ነው፣ ከጨርቁ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በርዝመቱ ተሰቅሏል።

መጋቢት 25–ሚያዝያ 9። ፍተሻ

ነጩ ኳስ ጠንከር ተብሎ ሲመታ የጠረጴዛውን ርዝመት 4 ጊዜ ከሩብ ሄደ፤ ደንቡ ከ4 እስከ 4 ተኩል ነው። ቀስ ተብሎ በስድስት አቅጣጫ የተለቀቀ ኳስ በአምስቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስድስተኛው በግራ የመሐል ቀዳዳ አጠገብ ወደ ላስቲኩ ተሳበ፤ በ0.3 ሚሊ ነው። የበሩ ጎን ግራ እግር አንድ ስምንተኛ ዙር ወጣ፣ ተስተካከለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨርቁ በቀኝ ጎን ትንሽ ላልቷል፣ ዝናቡ ሲያቆም ይታያል። የጠርዝ ብሎኖች በሙሉ እንደገና ተጠበቁ፤ አዲስ ላስቲክ ሲቀመጥ 18ቱም ሩብ ዙር ያህል ወስደዋል። የተሰነጠቀው ወይራ ግንድ ስንጥቁ 6 ሴንቲ ደርሷል። ተቆርጦ ለቀንድ ቀለበት መያዣ ሆኗል፤ ምትኩ ጥላ ውስጥ ካሉት ከደረቀው ይወጣል።